ወፍጮ፣ እንስራና ጸሎት፦ የቤት ውስጥ ሥራ በክርስትና ታሪክ

የቤት ውስጥ ሥራ ማለቂያ የለውም። የተፈጨው ይበላል፤ የተጠረገው ተመልሶ ይቆሽሻል፤ ጠዋት የተቀዳው ውሃ ማታ ያልቃል። ይህን በየቀኑ የሚደጋገም ድካም የጸሎትና የተስፋ ቦታ አድርጎ የመያዝ ልማድ በክርስትና ውስጥ ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ልማዱ መልክ የያዘው በግብፅ በረሃ ነው፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያና ወደ አውሮፓ ገዳማት ተሻገረ፤ ከገዳም ወጥቶም የባለትዳሮችን ቤት ገባ። ታሪኩ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ዝቅ ተደርጎ የሚታየውን ሥራ ያስከበረበት ዘመን እንዳለ ሁሉ፣ ሥራው የተጫነባቸውን ሰዎች ዝም ለማሰኘት የዋለበት ጊዜም አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው፣ የበዓላቱ ቀናት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከወንጌል የተገኘው መሠረት

ክርስትና በተወለደበት በግሪክና በሮም ዓለም የእጅ ሥራ፣ ይልቁንም የወጥ ቤቱና የጽዳቱ ሥራ፣ በአብዛኛው የባሪያ ድርሻ ነበር። የተማረ ነፃ ሰው ጊዜውን ለንባብ፣ ለአገር ጉዳይና ለወዳጆቹ ማዋል ይገባዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የወንጌል ታሪኮች ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አይገጥሙም። ኢየሱስ ያደገው በአናጢ ቤት ነው። በምሳሌዎቹ ውስጥ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት እርሾ የምትደባልቅ ሴት አለች፤ የጠፋባትን ድሪም ፍለጋ መብራት አብርታ ቤቷን የምትጠርግ ሌላ ሴትም አለች። በመጨረሻው እራት ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ የሠራው በዚያ ዘመን የአገልጋይ የሆነውን ሥራ ነው። ከትንሣኤ በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር በፍም ላይ ዓሣ፣ ከዚያም ጋር እንጀራ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን ጠበቃቸው። በሐዋርያት ሥራ የኢዮጴዋ ጣቢታ የምትታወሰው ለመበለቶች በሠራቻቸው ልብሶች ነው፤ ጳውሎስም ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምእመናን የሚሰበሰቡት በየሰዉ ቤት ስለነበር፣ ቤት ማሰናዳትና ማዕድ ማቅረብ ከአምልኮው ዝግጅት የሚለይ አልነበረም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈው የማርታና የማርያም ታሪክ ግን ለኋለኛው ዘመን ከባድ ጥያቄ ትቶ አልፏል። ማርታ እንግዳ በማስተናገድ ስትባክን እኅቷ ማርያም በኢየሱስ እግር ሥር ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ የተመሰገነችውም ማርያም ናት። በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪገን ማርታን የተግባር ሕይወት፣ ማርያምን የተመስጦ ሕይወት ምሳሌ አድርጎ ተረጎማቸው። ትርጓሜው እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ምጣድና መጥረጊያ የያዘ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ክርስቲያን ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አብሮ ተስፋፋ። የቤት ሥራ መንፈሳዊ ታሪክ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው።

የበረሃው መልስ

ከቀደሙት መልሶች ዋናው የመጣው ከግብፅ መነኮሳት ነው። በ251 ገደማ ተወልዶ በ356 ያረፈው አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሐኬት እንዳደረበት፣ ሐሳቡም እንደተበታተነ የአበው ታሪክ ይተርካል። እንዴት እንደሚድን እየለመነ ወደ ውጭ ቢወጣ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ተቀምጦ ሲጎነጉን አየ። ያ ሰው ሊያስተምረው የተላከ መልአክ ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት የበረሃው መነኩሴ እጁን ከሥራ፣ ልቡን ከጸሎት አይለይም። ሰሌን መታታትና ቅርጫት መሥራት የተመረጠውም በምክንያት ነው። ሥራው እጅን ይይዛል፣ ሐሳብን ግን ነፃ ይተዋል፤ ሲሸጥ የመነኩሴውን ቀለብ ይሸፍናል፤ የተረፈው ደግሞ ለድኻ ይሆናል። አባ ዮሐንስ ሐጺር ልቡ በጸሎት ተወስዶ ለሁለት ቅርጫት ያዘጋጀውን ጉንጉን ሳያውቅ ለአንዱ ብቻ እንደጨረሰው ይነገራል።

ለማርታና ለማርያም ጥያቄ በቀጥታ መልስ የሰጠው የአባ ሲልዋኖስ ታሪክ ነው። አንድ እንግዳ መነኩሴ ወደ ሲና ተራራ መጥቶ ወንድሞችን በሥራ ላይ ሲያገኛቸው፣ ስለሚጠፋ መብል መድከም እንደማይገባ ተናገረ፤ ማርያም በጎውን ዕድል መምረጧንም አስታወሰ። ሲልዋኖስ አልተከራከረውም። መጽሐፍ ሰጥቶ ባዶ በዓት ውስጥ አስቀመጠው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንግዳው ለምግብ የሚጠራውን ሰው በዓይኑ ፈለገ፤ የመጣ አልነበረም። በመጨረሻ ራሱ ሄዶ ሲጠይቅ፣ እርሱ መንፈሳዊ ስለሆነ ምግብ እንደማያስፈልገው፣ የሚሠሩት ግን ሥጋውያን ስለሆኑ መብላት እንዳለባቸው ሲልዋኖስ ነገረው። መነኩሴው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌውም ማርያም የተመሰገነችው በማርታ ምክንያት እንደሆነ፣ ያለ ማርታም መኖር እንደማትችል አስረዳው።

ሌላው ታሪክ ከገዳም አጥር ውጭ ይወጣል። አባ መቃርስ ሲጸልይ፣ በአቅራቢያው ባለ ከተማ ከሚኖሩ ሁለት ሴቶች መዓርግ ገና እንዳልደረሰ የሚናገር ድምፅ ሰማ። በትሩን ይዞ ከተማ ወረደና ሴቶቹን ፈልጎ አገኛቸው። ሁለት ወንድማማቾችን ያገቡ ሴቶች ነበሩ። መመንኮስ ፈልገው ባሎቻቸው ስላልፈቀዱላቸው፣ በአንድ ቤት 15 ዓመት ሲኖሩ ክፉ ቃል ላለመነጋገር ተስማምተው ጠበቁት። መቃርስ ከዚህ የተረዳው እግዚአብሔር ድንግል ወይም ባለትዳር፣ መነኩሴ ወይም ዓለማዊ ብሎ እንደማይለይ፣ የሚመለከተው የልብን ፈቃድ እንደሆነ ነው። አንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ማጀት ሁለት ምራቶች ሳይጣሉ መኖራቸው ከታላቁ መነኩሴ ተጋድሎ በላይ ተቆጠረ።

ይህን የግለሰቦች ልማድ የማኅበር ሥርዓት ያደረገው በ346 ገደማ ያረፈው አባ ጳኩሚስ ነው። በላይኛው ግብፅ በታቤኒስ በመሠረተው ገዳም መነኮሳቱ በየቤቱ ተከፍለው ይኖሩ ነበር፤ ሥራውም በተራ ይዳረስ ነበር። ሥርዓቱ ሊጥ የሚያቦኩትንና ዳቦ የሚጋግሩትን እንኳ አልረሳም፤ በሥራቸው ላይ ሳሉ ወሬ ትተው የመጽሐፍ ቃል በቃላቸው እንዲሉ ያዛል። ጄሮም በ404 ወደ ላቲን ስለተረጎመው ይህ ሥርዓት ምዕራቡን ዓለም ደረሰ፤ በግእዝም ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ገዳማት ተነበበ።

በምዕራቡ በኩል ሐሳቡን በጥብቅ የደነገገው በ547 ገደማ ያረፈው የኑርሲያው ቤኔዲክቶስ ነው። በእርሱ ሥርዓት ወንድሞች ሁሉ በየሳምንቱ ተራ ወጥ ቤት ይገባሉ። ተራውን የሚጨርሰው ቅዳሜ ዕለት እጅና እግር የሚደርቅባቸውን ጨርቆች ያጥባል፤ ከተረኛው ጋር ሆኖም የሁሉንም እግር ያጥባል። የገዳሙ መጋቢ ድስቱንና ማንኪያውን፣ መጥረቢያውንና ዶማውን የመሠዊያ ንዋየ ቅድሳትን በሚይዝበት ጥንቃቄ እንዲይዝ ታዟል። ከመኳንንት ወገን የመጣ መነኩሴና ገበሬ የነበረ መነኩሴ በዚህ ሥርዓት አንድ ድስት ተራ በተራ ያጥባሉ።

የኢትዮጵያ ገዳማትና የጓዳው ሥራ

የኢትዮጵያ ገዳማዊ ልማድ ራሱን ከግብፁ ጋር ያያይዛል፤ የአባ አረጋዊ ገድል ጻድቁ የምንኩስናን ልብስ ከጳኩሚስ እጅ እንደተቀበለ ይናገራል። ዜና አበውና መጽሐፈ መነኮሳት ወደ ግእዝ ተመልሰው ለዘመናት ሲነበቡ ኖረዋል። በየገዳሙ ወደ ምንኩስና የሚመጣ ሰው በመጀመሪያ ረድእ ይሆናል፤ በአመክሮ ዘመኑ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ አረጋውያንን ያገለግላል። ቆብ የሚደፋው በዚህ አገልግሎት ከተፈተነ በኋላ ነው። በሴቶች ገዳማት መፍጨትና ጥጥ መፍተል፣ መጋገርና እንግዳ መቀበል የዕለቱን ጊዜ ከጸሎቱ ጋር ይካፈላሉ።

ከቅዱሳት ገድላት መካከል የቤት ሥራን በቀጥታ የሚነካው በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረችው የክርስቶስ ሠምራ ገድል ነው። ቡልጋ የተወለደችው ክርስቶስ ሠምራ ባልና ልጆች፣ ብዙ አገልጋዮችም የነበሯት ባለጸጋ ነበረች። አንድ ቀን በአንዲት አገልጋይዋ ተቆጥታ የእሳት ፍም በአፏ ጨመረችባት፤ አገልጋይዋም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ በድንጋጤ አለቀሰች፤ ሟቿ ከተነሣችላት ዓለምን ትታ እንደምትመንን ለእግዚአብሔር ተሳለች። ገድሉ እንደሚለው አገልጋይዋ ተነሣች፤ እመቤቲቱም ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኮሰች፤ በኋላ በጣና አካባቢ ጓንጉት የሚባለውን ገዳም መሠረተች። ገድሉ የጓዳን ግፍ አይሸፍንም። የቅድስናው ጉዞ የሚጀምረው አገልጋይቱ ላይ ከተሠራው በደል ንስሓ በመግባት ነው።

በባለትዳሮች ቤት

ልማዱ ከገዳም ወደ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ቤት የገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሥዕልና ዜማ ነው። ከጥንታዊ የአዋልድ መጻሕፍት በተወረሰው ትረካ መሠረት ቅዱስ ገብርኤል ብሥራቱን ሲያመጣ ድንግል ማርያም ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ፈትል ትፈትል ነበር። በኢትዮጵያ የብሥራት ሥዕል እመቤታችን እንዝርት ይዛ የምትታየው ለዚህ ነው፤ ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል እንደነበርም ይነገራል። ጥጥ መፍተል የየቤቱ ሴት የዘወትር ሥራ በነበረበት አገር ይህ ሥዕል የሚያሳያት ታላቂቱን ዜና በሥራዋ ላይ ሳለች የሰማች እናት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተአምርና ቃል ኪዳን ነው። በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰውና በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ዘመን በቤተ ክርስቲያን በስፋት እንዲነበብ የተደረገው ተአምረ ማርያም በላዔ ሰብእ የተባለውን ሰው ታሪክ ይዟል። ይህ ሰው 78 ነፍስ ያጠፋ ነበር፤ በፍርድ ሚዛን ላይ ያዳነው ግን ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ታሪኩ በየዓመቱ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል። የብዙ ቅዱሳን ገድላትም በመጨረሻቸው ቃል ኪዳን አላቸው፤ በቅዱሱ ስም የተራበን ያበላ፣ የተጠማን ያጠጣ፣ ዝክር የዘከረ ምሕረት እንደሚያገኝ ተስፋ ይሰጣሉ። ይህ ተስፋ በተግባር የሚፈጸመው በማጀት ነው። ጠላው የሚጠመቀው፣ ድፎ ዳቦው የሚጋገረው፣ ጸበል ጸዲቁ የሚሰናዳው በቤት እመቤቷና በረዳቶቿ እጅ ነው። በየወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም ማኅበር ሲደርስ፣ ካህኑ ማዕዱን ባርኮ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የብዙ ቀን ድካም አለ። ሴቶች ወደ መቅደስ ገብተው በማያገለግሉበት ሥርዓት፣ ዝክርና ማኅበር በእጃቸው የያዙት ሰፊ የአገልግሎት ቦታ ሆኖ ኖሯል።

ሦስተኛው መንገድ ጾም ነው። ሰባቱ አጽዋማትና ረቡዕ ዓርብ ሲደመሩ የጾሙ ቀን ጥብቅ ለሆነ ጿሚ በዓመት እስከ 250 ይደርሳል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር በወጥ ቤቱ ሥራ ላይ ይታያል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤና ሥጋ የነካው ዕቃ ይታጠባል፣ ይለያል፤ ሽሮና ስልጆ፣ ተልባና ሱፍ ተራቸውን ይይዛሉ። ጾመኛዋ ወጥ ሠሪ የምትሠራውን ሳትቀምስ፣ ጨውና በርበሬውን በእጇ ልምድ ብቻ ትመጥናለች። በጸሎተ ሐሙስ ባቄላና ስንዴ ተቀቅሎ ጉልባን ይሠራል፤ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ የወጡበት መታሰቢያ ተደርጎም ይበላል። በዚያው ዕለት በቤተ ክርስቲያን ካህኑ የምእመናንን እግር ያጥባል። ለቡሄ ነሐሴ 13 ሙልሙል ይጋገራል። ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ሊጥ ሲቦካ፣ ምጣድ ሲሰማ፣ ዳቦ ሲቆረስ በስመ አብ ብሎ ማማተብ የዕለት ልማድ ነው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ስለሚጸለይ፣ በቃል የያዙት ብዙዎች የየዕለቱን ክፍል ከሥራቸው ሳይለዩ ይደግሙታል። ሌሊት በወፍጮ ላይ የሚወጣው እንጉርጉሮም የሚመላለሰው በብሶትና በልመና መካከል ነው።

አራተኛው መንገድ ሥራን ማቆም ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ (በ1352 ያረፈ) ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም እንድትከበር አስተማረ። ተከታዮቹ ስለዚህ ተሰደዱ፤ በመጨረሻ ግን በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባሉበት የሁለቱ ሰንበታት መከበር ተወሰነ። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚነገረው በነገረ መለኮት ታሪክ ውስጥ ነው፤ ለፈጪዋ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ወፍጮ የማይነካበት ሕግ ነበር። የኦሪት የሰንበት ትእዛዝ ራሱ ወንድና ሴት አገልጋዮችን በስም ጠርቶ ያሳርፋል።

የአውሮፓው ለውጥ

በምዕራብ አውሮፓ የማርታ ደረጃ በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ከፍ ማለት ጀመረ። በ1328 ገደማ ያረፈው ጀርመናዊው ሰባኪ ማይስተር ኤክሃርት የተለመደውን ትርጓሜ ገልብጦ፣ በመንፈስ የበሰለችው ማርታ እንደሆነች፣ ማርያም ገና ተማሪ እንደነበረች ሰበከ። የአቪላዋ ቴሬዛ (1515–1582) በ1562 የመጀመሪያውን የተሐድሶ ገዳሟን ስታቋቁም ጥብቅ የጸሎት ሕይወት ደነገገች፤ መነኮሳይያቷን ግን መታዘዝ ወደ ወጥ ቤት ከላካቸው እንዳያዝኑ፣ ጌታ በድስቶቹ መካከልም እንደሚገኝ ጻፈችላቸው።

ማርቲን ሉተር የወሰደው እርምጃ ከዚህ ይሰፋል። ለእርሱ ገዳም ከቤት የሚበልጥበት ምክንያት የለም፤ የጫማ ሰፊው፣ የእናቲቱና የአገልጋይቱ ሥራ በእምነት ከተሠራ እንደ ካህኑ ሥራ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው። በ1522 ስለ ትዳር ባሳተመው ጽሑፍ ሕፃን ልጁን የሚያጥብና የሽንት ጨርቅ የሚያጸዳ አባት በሰዎች ቢሳቅበትም፣ እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር በእርሱ ደስ እንደሚለው ተናግሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያገባት የቀድሞ መነኩሲት ካታሪና ፎን ቦራ (1499–1552) የዊተንበርግን የቀድሞ ገዳም እንደ ትልቅ ቤተሰብ አስተዳደረችው። ቢራ ትጠምቅ፣ አትክልትና ከብት ትጠብቅ፣ ማዕድ ለሚካፈሉ ተማሪዎችና እንግዶች ታሰናዳ ነበር። የሉተር የማዕድ ዙሪያ ንግግሮች ተመዝግበው ለትውልድ የተላለፉት እርሷ ከምታስተዳድረው ገበታ ነው።

ፓሪስና ቋራጣ

በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ሳይተዋወቁ የኖሩ ሁለት ሰዎች ለዚህ ልማድ የታወቁ ምስክሮች ሆኑ። አንደኛው በ1614 ገደማ በሎሬን የተወለደው ኒኮላ ኤርማን ነው። ድኻ ነበር፤ ወታደር ሆኖ በውጊያ ቆሰለ፤ እግሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልዳነም። በ1640 ፓሪስ በሚገኘው የቀርሜሎሳውያን ገዳም ገብቶ ወንድም ሎራን ተባለ። ክህነት አልተቀበለም፤ ምድቡ ወጥ ቤት ሆነ። በተፈጥሮው የወጥ ቤት ሥራ የማይወድ ሰው ሆኖ ሳለ 15 ዓመት ያህል ለገዳሙ ምግብ አበሰለ፤ ኋላም የወንድሞችን ጫማ ይጠግን ነበር። ወይን እንዲገዛ ሩቅ አገር ሲላክ በመርከቡ ላይ ቆሞ መሄድ ስለማይችል በበርሜሎቹ ላይ እየተንከባለለ ይንቀሳቀስ ነበር። ትምህርቱ አጭር ነው፦ የሥራውና የጸሎቱ ሰዓት አይለያዩም፤ በእግዚአብሔር ፊት መሆንን ማስታወስ በምጣድ ላይ እንቁላል ሲገለበጥም ይቻላል። አባ ዦዜፍ ደ ቦፎር ከ1666 ጀምሮ ከእርሱ ጋር ያደረገውን ውይይት መዘገበ፤ ወንድም ሎራን በ1691 ሲያርፍ ከደብዳቤዎቹ ጋር አሳተመው። ትንሿ መጽሐፍ በካቶሊኮችም በፕሮቴስታንቶችም ዘንድ እስከ ዛሬ ትነበባለች።

ሁለተኛዋ በ1592 የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ወገኖቿ መኳንንት፣ ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል በተነሣው ግጭት በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ፤ ባሏ በንጉሡ ወገን መሰለፉን ስታይ ጥላው ወጣችና መነኮሰች። ተከሰሰች፣ ተሰደደች፤ ዠበይ በተባለው በረሃ ግዞት ተፈረደባት። ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር በየደረሰችበት ምእመናን እየተሰበሰቡላት ማኅበራትን አቋቋመች። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ከመለሰ በኋላም በጣና ዙሪያ ማኅበሯን ስትመራ ቆይታ በ1642 አረፈች። ገድሏ በ1672 በዚያው በጣና ዳር ባለችው በቋራጣ፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ ተጻፈ። ገድሉ ከሚያደንቃቸው ነገሮች አንዱ ይህች በአገልጋይ እጅ ያደገች የመኳንንት ልጅ ራሷ መፍጨቷ፣ ውሃ መቅዳቷ፣ እንጨት መልቀሟ ነው። እናት የተባለችው አለቃ በማኅበሯ ውስጥ የሁሉ አገልጋይ ሆና ትታያለች።

የፓሪሱ ውይይትና የቋራጣው ገድል የተጻፉት በስድስት ዓመት ልዩነት ነው። ሁለቱም ዝቅተኛ የሚባለውን ሥራ ያከብራሉ፤ መንገዳቸው ግን ተቃራኒ ነው። ወንድም ሎራን ከተሰጠው ሥራ ሳይወጣ በዚያው ውስጥ ተጽናና። ወለተ ጴጥሮስ ልትሠራው የማትገደደውን ሥራ መርጣ ያዘች። የመጀመሪያው መንገድ ምርጫ የሌለውን ሠራተኛ ያበረታል። ሁለተኛው ደግሞ ሥራው የማን ነው የሚለውን የማኅበረሰቡን ሕግ ራሱን ይነካል።

የልማዱ ጥላ

የዚህን ልዩነት ክብደት የሚያሳየው የባርነት ታሪክ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ባለጸጋ ቤት ይፈጭ፣ ይቀዳ፣ ይለቀም የነበረው በባሪያ እጅ ነው። አንዲት እመቤት ለበረከት ብላ ያዘጋጀችውን ዝክር ላቡን ያፈሰሰበት ሌላ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ያወጡት ደንብ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን መንገድ ከፈተ፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 አዋጅ ነው። በአውሮፓም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአገልጋይቱን ሥራ ያከበረው የሉተር ትምህርት፣ በተከታዮቹ አፍ አገልጋይቱ በተቀመጠችበት እንድትቀመጥ መምከሪያ የሆነበት ጊዜ አለ። ጥሪ ነው የተባለ ሥራ ደመወዙና ዕረፍቱ አይጠየቅም ተብሎ ታስቧል። ጽሑፎቹ ውስጥም የሠራተኛዋ የራሷ ድምፅ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይሰማም። በክርስቶስ ሠምራ ፍም የሞተችው አገልጋይ ሕይወቷ ቢመለስላትም ምን እንዳለች የሚናገር የለም።

በዘመናችን

በ20ኛው መቶ ዘመን የሞተር ወፍጮ ወደ ከተማና ገጠር መግባቱ ከባዱን የሌሊት ሥራ ከብዙ ሴቶች ጫንቃ አወረደ፤ የወፍጮ እንጉርጉሮም በዚያው ቀነሰ። የቤት ውስጥ ሥራ ግን አልቀረም፤ ከፊሉ ወደ ደመወዝ ሥራነት ተለወጠ። ከገጠር ወደ ከተማ የመጡ ወጣት ሴቶች በየቤቱ ተቀጠሩ፤ ሌሎች ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሳውዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሰደዱ። በእነዚህ አገሮች የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ሲያስር የኖረው የከፋላ ሥርዓት፣ ብዙዎችን ያለ ዕረፍት ቀን በአሠሪያቸው ቤት አስቀርቷቸዋል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለማይፈቀድላት ክርስቲያን ሠራተኛ የጥንቱ ልማድ እንደገና ብቸኛ መንገዷ ይሆናል፦ ዕቃ እያጠቡ ውዳሴ ማርያም መድገም፣ ልብስ እየተኮሱ መዝሙርና ስብከት በስልክ ማዳመጥ፣ የአገሩን የጾም ቀን በባዕድ ወጥ ቤት መቁጠር። ፈቃድ ያገኘችው ደግሞ በዕረፍት ቀኗ ከአገሯ ልጆች ጋር በጸሎት ትገናኛለች።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት የቤት ውስጥ ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት የማረፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሰነዱ ሃይማኖታዊ አይደለም፤ የሚጠይቀው ግን በኦሪቱ የሰንበት ትእዛዝ ለአገልጋይ አስቀድሞ የተሰጠውን ነው።

ከሲልዋኖስ በዓት እስከ ቤይሩት ወጥ ቤት የተዘረጋው ታሪክ አንድ መመዘኛ ያሳያል። የቤት ሥራ ጸሎት ሊሆን ይችላል የሚለው ትምህርት ኃይል ያገኘው፣ አስተማሪው ራሱ መጥረጊያውን ሲያነሣ ነው፤ ቤኔዲክቶስ ሁሉንም በተራ ወጥ ቤት በማስገባቱ፣ ወንድም ሎራን በምድጃው አጠገብ በመቆየቱ፣ ወለተ ጴጥሮስ በወፍጮው ላይ በማጎንበሷ። ሥራውን ለሌላው ትቶ በረከቱን ብቻ የሚሰብክ ሲበዛ ትምህርቱ ባዶ ማጽናኛ ሆኗል። ስለዚህ በቤቱ ሠራተኛ የቀጠረ ክርስቲያን የዚህ ልማድ ወራሽ ነኝ ለማለት የሚበቃው ድካሙን ሲካፈል፣ ደመወዙን በጊዜው ሲከፍልና ሰንበቷን ሲጠብቅላት ነው።